ጋሽ ደሴና የስዊድን ፀሐይ

ባለፈው ሳምንት ነው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ለአጭር ሥልጠና ወደ አውሮፓ ሊሄድ ተፈቅዶለት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስልኩን እየነካካ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥልጠናው ከሰዓት በኋላም ስለሚቆይ፣ ከዚያ ወጥቶ ከተማዋን የሚያይበት ብርሃን ይተርፈው እንደሆነ አሳስቦታል። ጂኦግራፊ የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ እኔ መጣ። “መምህርት፣ እዚያ አገር ፀሐይ በስንት ሰዓት ነው የምትገባው?” አለኝ።

“በማን ሰዓት?” አልኩትና ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጁ የተቀለደበት መስሎት ፊቱ ቅይር አለ። እንዳልቀለድኩበት ላስረዳው አፌን ስከፍት ደወሉ ተደወለ፤ ሁለታችንም ጠመኔያችንን ይዘን ወጣን። በዚያች ደቂቃ ላስረዳው ያልቻልኩትን ነገር እስኪ እዚህ ልጻፈው። ማስረዳት እንደምወድ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ።

ደብረ ታቦር የተመደብኩት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ይፋግ ነው። ይፋግ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ሞቃት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መኪና ሁሉ አቧራውን የሚያራግፍባት ከተማ ናት። ከወረታ በኋላ ያለውን ዳገት ሚኒባሱ እያቃሰተ ሲወጣ በመስኮት የገባው ነፋስ ገና ከመድረሴ ጋቢ አስለበሰኝ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ለሰው አዝኖ አያውቅም። ቢሆንም ደስተኛ ነበርኩ። ደመወዝ አለኝ፣ ክፍል አለኝ፣ ተማሪዎች አሉኝ። መጻሕፍቴን በቁመታቸው ደርድሬ፣ የሳምንቱን ትምህርት ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ሰው ቢጠይቀኝም ባይጠይቀኝም እያስረዳሁ እኖር ነበር። ዝናብ የመጣ እንደሆነ ዝናቡ ከየት እንደመጣ የምነግረው ሰው እፈልግ ነበር።

የተከራየሁት ክፍል የጋሽ ደሴ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ደሴ ዕድሜ ልካቸውን የአውቶብስ ሾፌር ነበሩ። ከወልዲያ ተነስቶ በነፋስ መውጫና በጋሳይ አድርጎ ደብረ ታቦር የሚገባውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገና ጠጠር ሳለ ጀምሮ ያውቁታል። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ወሬያቸው ጣፋጭ ነው። መናኸሪያ ያሉ የድሮ ጓደኞቻቸው ግን “ዶሮው” ይሏቸው ነበር። ምክንያቱም በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ፀሐይ ሳትገባ አንድ ቦታ ደርሰው መኪናቸውን ያቆማሉ። ተሳፋሪ ቢለምን፣ ረዳት ቢያጉረመርም፣ ከተማው ቅርብ ነው ቢባል፣ ዶሮው ከሰፈረ ሰፈረ ነው። እሳቸውም ሲጠሩበት ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም። ጡረታቸው ሳይደርስ መኪናቸውን ለልጅ እግር ሾፌር አስረክበው የወረዱ ጊዜም ሰው ሁሉ ደከማቸው ብሎ አለፈው።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ አጭር፣ ፈጣን፣ ቀልድ አዋቂ ናቸው። እኔን በጣም የሚያስቀናኝ አንድ ነገር ነበራቸው። ከለቅሶ ቤትም ይሁን ከማኅበር አምሽተው ሲመለሱ፣ ጋሽ ደሴ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ነው የሚመጡት። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሰፈር፣ ባልና ሚስት ተያይዘው ሲሄዱ ማየት እንግዳ ነበር። ጎረቤቱ “ሙሽሮቹ መጡ” እያለ ያሾፋል። እትዬ የሺም “ቅናት ይገድላል” ብለው ያልፋሉ። እኔም በልቤ፣ ያገባሁ እንደሆነ እንዲህ ነው፣ እል ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ትዕግሥት ትባላለች። ስዊድን ከሄደች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። የምትኖረው ከዋና ከተማው ወደ ሰሜን ራቅ ባለች ከተማ ነው። እዚያው አግብታ የወለደቻት ሊያ የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። ሊያ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ጀመረች። እናትየው እሑድ እሑድ ስትደውል ልጅቷም በተሰባበረ አማርኛ ከአያቷ ጋር ታወራለች፤ አንድ ቀን የክፍሏን ልጆች አያቶቻቸው እየመጡ እንደሚወስዷቸው ነገረቻቸው። ጋሽ ደሴም “እኔ እመጣና ከትምህርት ቤት እወስድሻለሁ፤ እጅሽን ይዤ፣ እስከ ቤት” ብለው ቃል ገቡላት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስልኩን በያዘች ቁጥር መቼ ነው የምትመጣው ማለት ሆነ ሥራዋ።

ትዕግሥትም የግብዣውን ወረቀት ልታስጨርስ ተነሳች። እትዬ የሺ ግን “ቤቴን ለማን ጥዬ?” ብለው ስለቀሩ ጋሽ ደሴ ለብቻቸው ሊሄዱ ሆነ። የጉዞውን ነገር በሥርዓት የሚያወጣ ሰው ሲፈለግ ደግሞ ጂኦግራፊ አስተማሪዋ ተከራይ ተጠራች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የት አውሮፕላን እንደሚቀየር፣ ምን ዓይነት ካፖርት እንደሚያስፈልግ፣ በርበሬው እንዴት እንደሚታሸግ አንድ በአንድ አሰብኩላቸው። ጋሽ ደሴ ሁሉንም በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ አገር ቀኑ ምን ያህል ይረዝማል?

ለዚህማ ነው የተፈጠርኩት። እትዬ የሺ ለእራት ካጠቡት ድንች አንዱን አንስቼ ወስፌ ሰካሁበት። የእጅ ባትሪ አበራሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ባትሪው ፀሐይ፣ ድንቹ ምድር ነው። ወስፌውን አዘንብዬ ድንቹን በባትሪው ዙሪያ እያዞርኩ፣ በግንቦትና በሰኔ የሰሜኑ ጫፍ ወደ ፀሐይ እንደሚያዘነብል፣ በዚያን ጊዜ ስዊድን ቀኑ እንደሚረዝም፣ በታኅሣሥ ደግሞ ጀርባውን ስለሚሰጥ ሌሊቱ እንደሚረዝም አሳየኋቸው። እኛ የምንኖረው ከድንቹ ወገብ አጠገብ ስለሆነ ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም አልኳቸው። ስለዚህ በግንቦት ይሂዱ።

ጋሽ ደሴ ድንቹን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

“ተሳስተሻል፤ የምሄደው በታኅሣሥ ነው። በግንቦት እዚያ ቀኑ አጭር ነው” አሉኝ።

“ኧረ ጋሼ፣ የተገላቢጦሽ ነው።”

“ስዊድንን አይተሻታል?”

“አላየኋትም።”

“ልጄ አይታታለች። የነገረችኝ እሷ ናት። ያንቺ ድንች ነው።”

እትዬ የሺ በሳቅ ፈረሱ። ያን ዕለት ማታ ድንቹ ከሌሎቹ ጋር ተቀቀለና በአዋዜ በላነው። የጋሳይ ድንች ጨው እንኳ ባይነካው ይጣፍጣል፤ እኔ ግን ጣዕሙን አላስተዋልኩትም። በማግስቱም በማግስቱም ተመልሼ ሞከርኩ። ካርታ አመጣሁ፤ የተማሪዎቹን መጽሐፍ አመጣሁ። ጋሽ ደሴ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ብቻ “እሺ መምህርት” ይሉና በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለገና፣ ይላሉ።

ነገሩ ከድንች ቀልድ ያለፈ መሆኑን ያወቅሁት ትዕግሥት ለእኔ የደወለች ቀን ነው። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ ነበረ። በግንቦት ቢመጡላት የእኛን ክረምት ሙሉውን አብረዋት ያሳልፋሉ፤ በታኅሣሥ ግን ሥራ ስለሚበዛባት አብራቸው ልትሆን የምትችለው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ይህን ነግራቸዋለች። እሳቸው ግን ታኅሣሥ ካልሆነ ይቅር እስከ ማለት ደርሰዋል። ትኬቱን ደግሞ በዚያው ሳምንት መቁረጥ አለባት።

“ምናልባት መምጣቱን አልፈለገው ይሆን?” አለችኝ። “ደርሶ ለመመለስ፣ ሰው እንዳይታዘበው ያህል?”

የቀኑ መርዘምና ማጠር እንዳሳሰባቸው ነገርኳት። እሷ ግን ሰበብ ነው አለች። ፀሐይ መቼ እንደምትገባ፣ ሰዓቱን ሳይቀር፣ በግንቦትም በታኅሣሥም ቁርጥ አድርጋ ነግራቸዋለች። ይህን ስትለኝ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ብጠይቃት ኖሮ እዚያው ላይ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። ብቻ የመጪው እሑድ ለት በእኔ ስልክ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ተነጋገሩ አልኳት። የጋሽ ደሴ ስልክ ድምፅ እንጂ ምስል አታውቅም ነበር፤ የእኔ ካሜራ ነበራት።

ኅዳር ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ገብሱ በየማሳው ታጭዶ ተከምሮ፣ ነፋሱ የጭድ ሽታ ይዞ ይመጣል። ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ግቢው መካከል ስለሆነ በርጩማ አውጥተን ተቀመጥን። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ቀይረው ፀጉራቸውን አስተካክለዋል። ጋሽ ደሴ ሲሾፍሩ ይለብሱት የነበረውን ኮት ለብሰዋል። ፀሐይዋ ወደ ጣና አቅጣጫ ዘንበል ብላለች፤ የጉና ትከሻ ግን በሙሉ ወርቅ መስሎ ይታይ ነበር።

ጥሪው ገባ። ስልኩ ላይ የትዕግሥት ፊት ታየ፤ ከጎኗ ሊያ፣ ከኋላቸው አንድ ትልቅ መስኮት። መስኮቱ ጥቁር ነው። ጋሽ ደሴ ልጃቸውን አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከዚያ ወዲያው ግራ ገባቸው።

“ምነው በሌሊት ተነሳችሁ?”

“ኧረ አባባ፣ አልነጋም፤ መሽቶብን ነው። ፀሐይዋ ከገባች ቆየች።”

ጋሽ ደሴ ቀና ብለው ጉናን አዩ። “እዚህ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው” አሏት።

“እዚህ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል።”

“እንዴታ፣ ሦስት ሰዓት ተኩልማ ይመሻል” አሉ ጋሽ ደሴ በእርግጠኝነት።

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ከተቀመጥኩበት ብድግ ማለቴን አስታውሳለሁ። በስዊድንና በእኛ መካከል በዚያ ወቅት ያለው ልዩነት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ታዲያ አሥራ አንድ ተኩልና ሦስት ተኩል ከየት መጡ? እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ከምትወጣበት ነው፤ ፀሐይ በአሥራ ሁለት ትወጣለች፣ በአሥራ ሁለት ትገባለች፣ ሰዓቱና ፀሐይዋ ተለያይተው አያውቁም። እነሱ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ነው። ትዕግሥት እዚያ ስትኖር ብዙ ዓመት ስለሆናት የምትናገረው በእነሱ ሰዓት ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች አለቻቸው፤ እሳቸው የሰሙት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። በግንቦት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ትገባለች አለቻቸው፤ እሳቸው የሰሙት ከብት እንኳ ወደ ቤቱ የማይመለስበትን የቀኑን አሥር ሰዓት ነው። አጭሩ ቀን ረጅም፣ ረጅሙ ቀን አጭር ሆኖ ቀረ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አስረዳኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማስረዳት የጣመኝ ጊዜ የለም። ትዕግሥት አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ጋሽ ደሴ ግን አልሳቁም። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ።

“እንግዲያ እናንተ ዘንድ አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው የጨለመው።”

“አዎ አባባ።”

“ሊያ ከትምህርት ቤት ስትወጣስ?”

“ጨለማ ነው። በታኅሣሥማ ይብሳል። ለዚህ እኮ ነው በግንቦት ና ያልኩህ። አንተ ነህ እምቢ ያልከው። ምን አስጠላህ? ንገረኝ።”

ጋሽ ደሴ ዓይናቸውን ወደ ጉና መለሱ። የጉና ብርሃን ከታች ወደ ላይ እየተሰበሰበ ነበር። እትዬ የሺ እጃቸውን ባላቸው ጉልበት ላይ አሳረፉ።

“ንገራት” አሉ።

“ማታ አላይም ልጄ” አሉ ጋሽ ደሴ። “ዳፍንት ነው። ፀሐይ ከገባች እናትሽ ካልያዘችኝ ደጃፌን አልለየውም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“መኪናውን ያስረከብኩት ለምን ይመስልሻል? ከዚያ በፊትም ጀምሮኝ ነበር። ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠኝም። ለሕፃኗ እወስድሻለሁ ብያታለሁ። አያቷን እሷ ጎትታ እንድትወስደው አልፈለግሁም። ቀኑ ረጅም የሆነበትን ወር መረጥኩ፤ በቃ ይኸው ነው።”

ትዕግሥት መሳቋን አቁማለች። “እኔ ደግሞ ቶሎ ልትመለስ ፈልገህ መስሎኝ” አለች። እሷ ፊቷን ስትጠርግ ሊያ ወደ ስልኩ ተጠግታ ግንባሯ ብቻ እስኪታይ ድረስ መጣችና፣ “አያቴ፣ እኔ ማታ አያለሁ” አለች።

ጋሽ ደሴ ያን ጊዜ ሳቁ። “እሺ፣ አንቺ ማታ ታያለሽ፤ እኔ ቀን አያለሁ። ግን የእኔ ይቅደም” አሏት። ጥሪው ካለቀ በኋላም ወደ እኔ ዞረው፣ “ድንቹን ይቅርታ ጠይቂልኝ” አሉኝ።

“በልተነዋል እኮ ጋሼ” አልኳቸው።

የዶሮው ነገር፣ የሙሽሮቹ ነገር፣ ያለ ጊዜው ጡረታ፣ ያን ቀን ማታ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ አንድ በአንድ ተገጣጠመልኝ። ከዓይኔ ፊት የነበረ ነገር ነው። ግን እውነቱን ለመናገር፣ እትዬ የሺን ክንዳቸውን ይዘው ሲሄዱ በማየቴ የተሰማኝ ቅናት ከዚያም በኋላ አልቀነሰም።

ትኬቱ ለግንቦት ተቆረጠ። ፋሲካ አልፎ፣ የፋሲካው ዶሮ ተበልቶ፣ በሶውና በርበሬው ታሽጎ፣ ጋሽ ደሴ ከደብረ ታቦር በማለዳው ሚኒባስ ወጡ። መናኸሪያ ያሉት ጓደኞቻቸው ሊሸኟቸው ተሰብስበው፣ ዶሮው ባሕር ተሻግሮ የት ሊሰፍር ነው እያሉ ሲያሾፉባቸው ነበር። እሳቸውም እዚያ አገር ቆጥ እንደማያስፈልግ ነገሯቸው፤ የገባው ሰው አልነበረም።

ከሄዱ ጥቂት ቀናት በኋላ እኔና እትዬ የሺ እራት በልተን፣ በር ዘግተን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ደሴ ናቸው። ደብረ ታቦር ከጨለመች ቆይታለች፤ ውሻ ይጮኻል። ስልኩ ላይ ግን የጋሽ ደሴ ፊት በፀሐይ ያበራል። ከኋላቸው ውኃ፣ አረንጓዴ ዛፍ፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ይታያሉ። ሊያን ከትምህርት ቤት እንደወሰዷት፣ እጇን ይዘው እስከ ቤት እንዳደረሷት፣ መንገዱን እሳቸው እንደመሩ ተናገሩ። በየቀኑ ማለት ነው። አሁን ልጅቷ እንኳ እራቷን በልታ ተኝታለች፤ ፀሐይዋ ግን እምቢ ብላለች።

“ካንተ ጋር ማን አለ?” አሉ እትዬ የሺ።

“ማንም የለም። ለብቻዬ ነው የወጣሁት።”

እትዬ የሺ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉት። “ማንንም ሳትይዝ?”

“ማንንም ሳልይዝ።”

“በል እንዳትለምድ” አሉ እትዬ የሺ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ። እኔ አግብቼ ከዚያ ግቢ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ግን ቤቴ ሩቅ አይደለም። ድንቹን በየዓመቱ ወደ ክፍል ይዤ እገባለሁ። ትምህርቱን ስጀምር ግን ወስፌውን ከማንሳቴ በፊት ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰዓታችሁ ከየት ነው የሚቆጥረው? ድሮ ማስረዳት ማለት መናገር ይመስለኝ ነበር። አሁን፣ ሰውየው ለምን እንደጠየቀኝ ሳላውቅ ፀሐይን ማዞር አልወድም። ለዚህ ነው ባልደረባዬንም በማግስቱ ፈልጌ፣ ፀሐይዋ ሳትገባ ማየት የፈለገው ምን እንደሆነ የጠየቅሁት። እፍር ብሎ፣ እጮኛው ከወንዝ ዳር ፎቶ ላክልኝ እንዳለችው ነገረኝ። ሰዓቱን ወደ እኛ አዙሬ ነገርኩት። ብርሃን ይተርፈዋል።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ጋሽ ደሴንና እትዬ የሺን ከፊቴ አየኋቸው። አርጅተዋል፤ እርምጃቸው ቀርፋፋ ሆኗል። ሰንበቴ ጠጥተው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ጉና ላይ ብርሃን ነበር፤ መንገዱ ላይ ያለው ጠጠር ሁሉ ይታያል። ጋሽ ደሴ የሚስታቸውን ክንድ ያዙ።

“ገና አልመሸም እኮ” አሏቸው እትዬ የሺ።

“አውቃለሁ” አሉ፤ ክንዳቸውንም አልለቀቁም።